በሬው ሳይሸጥ የሚደርስ እርዳታ

ከጎንደር ተነስቶ ወደ ደባርቅ የሚወጣ መንገደኛ አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ ብርዱ ጋቢ ያስደርበዋል። የወገራ ደጋ የገብስ፣ የባቄላና የድንች አገር ነው። ገበሬው ሰማዩን የሚፈራበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ዝናብ ቢቀር ድርቅ፣ ቢበረታ በረዶ፣ ጥቅምት ላይ ሰማዩ ጠርቶ ካደረ ደግሞ ውርጭ አለበት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በጃን አሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ዝናቡ ቀርቶ ብዙ ከብት ማለቁ የቅርብ ትዝታ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ጉዳቱ ወደ ቤት የሚገባበትን መንገድ እንመልከት። አዝመራው የጠፋበት አባወራ አስቀድሞ በጉን ይሸጣል፤ ቀጥሎ በሬውን ወደ ገበያ ያወጣል። ያን ጊዜ ሁሉም ሻጭ ስለሆነ የከብት ዋጋ ይወድቃል፣ የእህል ዋጋ ይሰቀላል። በሬ ያጣ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ቢያምርለት እንኳ መሬቱን በእኩል ሰጥቶ ግማሹን ብቻ ያፍሳል።

ጎልማሳው ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳል። ወባ የማያውቀው ደገኛ ከወባም ከካላዛርም ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2005 ካላዛር ቀድሞ ባልታወቀበት በሊቦ ከምከም ሲቀሰቀስ፣ ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት እንዳልቀረ ባለሙያዎች ገምተዋል። ወባ ራሷም ሙቀት በጨመረበት ዓመት ወደ ከፍታው እንደምትወጣ በአገራችን የተደረገ ጥናት አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1958 የደረሰው ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል።

መንግሥት ሰነድ አላነሰውም። ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ እርከን እያሠራ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአየር ንብረት ለውጥ መላመጃ ብሔራዊ ዕቅድም 18 አማራጮችን ዘርዝሯል። እኛ የምንጠይቀው ስለ ሰዓቱ ነው። በሬው ከተሸጠ በኋላ የሚመጣ ስንዴ ነፍስ ያቆያል፤ እርሻውን ግን አይመልስም።

ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በጥጋቡ ዘመን እህሉን ከነዛላው አስቀምጠው ለችጋሩ ዘመን መዘጋጀታቸውን ልጆቻችን በመድረሳ ይማራሉ። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ድርቅ ከሻም እህል አስመጥተዋል፤ ከተጎዱትም ዘካ መሰብሰቡን አዘግይተዋል። ይህ እንግዲህ ፖሊሲ ካልሆነ ምን ይባላል?

በዝናብ ከበቀለ እህል፣ መጠኑ ከሞላ፣ ከአሥር አንድ ዘካ ይወጣል። የሚወጣውም አዝመራ ሲሰበሰብ፣ እህል በረከሰበት ወቅት ነው፤ ረሃቡ ግን ሰኔና ሐምሌ ላይ ይበረታል። ዘካን ያለ ምክንያት ማዘግየት ስለማይገባ፣ ለክረምቱ የሚቀመጠው እህል ከሰደቃ ወይም ከወቅፍ ቢሆን ይሻላል እንላለን። የከብት መድን ለሚፈልጉም፣ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 የተካፉል መመሪያ አውጥቷል፤ ከወለድ የሸሸው ገበሬ የሚጠብቀው አገልግሎቱ ከከተማ ወጥቶ ወገራና ዳባት ድረስ እንዲመጣለት ነው። ጎተራውን ግን የመስጂድ ኮሚቴዎች ከኢማሞቻቸው ጋር ተመካክረው ለታኅሣሥ ውቂያ ማድረስ ይችላሉ።