አዲስ የተገዛ ጋያ ቢሰነጠቅ ጥፋቱ የማን ነው?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የተሰነጠቀ ጋያ ነው። አትሳቁ። የጋያ ራስ ውድ ዕቃ አይደለም። ግን በዚያ ስንጥቅ የተነሣ አንዲት ሴት ፊደል መቁጠራቸውን ሊተዉ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ነገሩ የሆነው በኮልፌ ቀራኒዮ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ቤቱና ማሳው በተቀላቀለበት ዳር ላይ ማታ ማታ ፊደል አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ መካከል አንዲት ሸክላ ሠሪ አሉ። ሁልጊዜ በር አጠገብ ብቻቸውን ነው የሚቀመጡት። አግዳሚው ጠቦ አይደለም። አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ስለሌለ ነው። ሌላዋ ተማሪዬ ደግሞ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ጋያ ይጠጣሉ። ቅሉና ሸምበቆው የቆየ ነው፤ ራሱ ስለተሰበረባቸው ግን ቅዳሜ ገበያ ወጥተው ከሸክላ ሠሪዋ አዲስ ራስ ገዙ።

እሑድ ጧት አቧራ አለው ብለው አዲሱን ራስ አጠቡት። እርጥብ እንዳለ ከሸምበቆው ጋር ገጠሙት፣ ትምባሆውን ሞሉ፣ ፍም ጫኑበት። ቢስቡ ጭስ የለም። ሌላ ፍም ጨመሩ፤ አሁንም የለም። በእፍታ አፋፋሙት። ያን ጊዜ ጧ! አለና ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ።

ጎረቤት ሰምቶ መጣ። ጎረቤት መቼም ምክንያት አያጣም። «ዓይኗ ነው። ቡዳ የነካው ዕቃ መቼ ይበረክታል?» አለ። ሰኞ ማታ ይኸው ወሬ ክፍሉን ሞልቶት ነበር። ሸክላ ሠሪዋ ሰኞ አልመጡም። ማክሰኞም፣ ረቡዕም አልመጡም።

ሐሙስ ስባሪውን በወረቀት ጠቅልዬ ቤታቸው ሄድኩ። መጀመሪያ ሊያናግሩኝ አልፈለጉም። «ለመስደብ ከሆነ ሌላው በቅቶኛል፣ ልጄ» አሉኝ። ስባሪውን ሳሳያቸው ግን ዝም ብለው ተቀበሉኝና ወደ ብርሃን አዙረው ማየት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ በትምህርት ቤት የተማርኩትን ኬሚስትሪ ጨመርኩበት እንጂ ሌላ ያደረግኩት ነገር የለም።

መጀመሪያ የተመለከቱት የስብራቱን ውስጥ ነው። አንድ ገል ስትሰብሩ ውስጡ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ከሆነ እሳት በደንብ ገብቶታል። መካከሉ ጥቁር ከሆነ እሳቱ ውስጡ ድረስ አልሠራበትም፣ ወይም በኩበቱና በሣሩ ጭስ ታፍኖ አየር አላገኘም ማለት ነው። ጭቃ ተመልሶ ጭቃ የማይሆነው እሳቱ ከ600 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሜዳ ላይ ተከምሮ በሚነድ ኩበትና እንጨት ይህን ያህል ሙቀት ማግኘት ቀላል ሥራ አይደለም። ዝናብ ከመጣ ወይም ነፋስ ከነፈሰ አንዱ ወገን በስሎ ሌላው ወገን ጥሬ ይቀራል።

የእኛ ስባሪ ውስጡ ቀይ ነበር። ስለዚህ የአተኳኮስ ጉድለት አይደለም።

ሁለተኛ የፈለጉት ነጭ ነጥብ ነው። አፈሩ ውስጥ የኖራ ድንጋይ ፍርፋሪ ካለ ሲተኮስ ወደ ኖራ ይለወጣል። ኖራ ውሃ ሲነካው እንደሚያብጥ ግንበኛ ሁሉ ያውቃል። የሸክላው ኖራም ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ቀስ በቀስ ያብጥና ከሳምንት ወይም ከወር በኋላ ሸክላውን ቅርፊት አድርጎ ያነሣዋል። ሰው ማንም ሳይነካው ጓዳ ውስጥ ቁጭ ያለ እንስራ ልጦ ሲያገኝ በጣም ይደነግጣል። ዓይን የሚባለው ወሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ይመስለኛል። የማይታይ ነገር ሲሠራ የሚታይ ሰው ይከሰሳል። በዚህ ስባሪ ላይ ግን ነጭ ነጥብም አልነበረም።

ታዲያ ምን ሰበረው? ሸክላ ሠሪዋ «ታጥቧል?» ብለው ጠየቁ። «አዎ» አልኩ። «ደርቋል?» አሉ። አልደረቀም ነበር።

ሸክላ ከውጭ ሲያዩት ድፍን ይመስላል እንጂ ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ነው። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውሃው በቀዳዳው ወደ ውጭ ወዝቶ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። አዲስ ሸክላ ሲታጠብ በእነዚህ ቀዳዳዎች ውሃ ይጠጣል። አንድ ስኒ ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 ስኒ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። ፍም በድንገት ሲያርፍበት በውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ይፈልጋል፤ ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ይሰነጥቀዋል። በዚያ ላይ ፍሙ ያረፈበት ወገን በሙቀት ሲሰፋ ቀዝቃዛው ወገን አይሰፋም። ሁለቱ ይጎታተታሉ።

ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል እኮ! አዲስ ምጣድ ገዝቶ በዚያው ቀን እንጀራ የሚጋግር ማን አለ? መጀመሪያ ይሟሻል። በለዘብተኛ እሳት ይሞቃል፣ በጎመን ዘር ይታሻል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሊጥ የሚያየው። የዘሩ ቅባት በቀዳዳው ይገባና ምጣዱን ያለሰልሰዋል። ጋያ ግን ትንሽ ዕቃ ስለሆነ ማንም አያሟሸውም። ለጋያ ራስ ዘይት አያስፈልገውም። ሁለት ቀን ደረቅ ቦታ አኑሩት፤ ከዚያ ምድጃ ዳር፣ እሳቱ ላይ ሳይሆን ዳሩ ላይ፣ እያገላበጣችሁ አሙቁት። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ፍም ብቻ ጫኑ።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የባለጋያዋ ይመስላል። እኔም እንደዚያ ብዬ ልነሣ ስል ሸክላ ሠሪዋ «ቆይ፣ ለምንድነው ፍም የደራረቡበት?» አሉ። ጭስ እምቢ ስላላቸው ነው። ለምን እምቢ አለ?

እዚህ ላይ ጋያ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ቅሉ ውስጥ ውሃ አለ። ራሱን የተሸከመው ሸምበቆ ቁልቁል ወርዶ ጫፉ ውሃው ውስጥ ይገባል። የሚሳብበት ሌላው ቀዳዳ ከውሃው በላይ ነው። ሰው ሲስብ ከውሃው በላይ ያለው አየር ይሳሳል፤ የውጭው አየር ቦታውን ለመሙላት በፍሙና በትምባሆው አልፎ፣ በሸምበቆው ወርዶ፣ ጉር ጉር እያለ በውሃው ውስጥ ይወጣል። ስለዚህ አየር በሌላ በኩል መግቢያ ካገኘ በትምባሆው በኩል ለማለፍ አይቸገርም። ውሃም ሰውም አቋራጭ ይወዳል።

አዲሱ ጋያ እምቢ ቢላችሁ ፍም አትጨምሩ። ፍሙን አውርዱ፣ እስኪበርድ ጠብቁ፣ ከዚያ የራሱን አፍ በመዳፋችሁ ግጥም አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡ። ምንም ካልመጣ ዕቃው ደኅና ነው፤ ትምባሆው ተጠቅጥቆ ይሆናል። አፉ ተዘግቶ እያለ ውሃው ጉር ጉር ካለ አየር የሚገባው ራሱና ሸምበቆው በተጋጠሙበት ቦታ ነው፤ ወይም ራሱ ተሰንጥቋል። ጉር ጉር ሳይል አየር ዝም ብሎ ከመጣ ቅሉ ከውሃው በላይ ተበስቶ ይሆናል። ውሃ አፋችሁ ከገባ ደግሞ ውሃው በዝቷል፤ እሱስ ምርመራም አያስፈልገው።

ባለጋያዋ እናት ዘንድ ሄደን በሌላ ራስ ሞከርነው። ጉር ጉር አለ። የአዲሱ ራስ አንገት ከድሮው ሸምበቆ ይሰፋል፤ እሳቸው ክፍተቱን በጨርቅ ጎሰም አድርገው ነበር የገጠሙት። የችግሩ ሁሉ መነሻ ይህች የጣት ጥፍር የማታህል ክፍተት ናት። አየር ሾልኮ ገባ፣ ጭስ ጠፋ፣ ፍም ተደራረበ፣ እርጥቡ ሸክላ ፈነዳ። ዓይን የለበትም።

ስለዚህ ጋያ ልትገዙ ስትሄዱ ሸምበቆውን ይዛችሁ ሂዱ። ገበያው ላይ ልኩት። ራሱን በጣታችሁ ቆርቁሩት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጥሩ ነው፤ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ ስንጥቅ አለው ወይም አልበሰለም። ጥቂት አመድ እሹበትና ጥረጉት፤ የማይታይ ስንጥቅ ካለ አመዱ መስመር ሆኖ ይቀራል። ሻጭ ይህን ስታደርጉ ቢቆጣ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። የእኛዋ ሸክላ ሠሪ አይቆጡም፤ ራሳቸው ናቸው ያሳዩኝ።

ክፍተቱ ትንሽ ከሆነ የጥጥ ክር በሸምበቆው ጫፍ ላይ ደራርባችሁ ጠምጥሙና ትንሽ ውሃ አስነክታችሁ ግጠሙት። ጥጡ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ይዘጋል። የተበሳ ቅል በሰም ይደፈናል፤ እዚያ እሳት ስለማይደርስ ሰሙ አይቀልጥም። የተሰነጠቀ ራስ ግን አይጠገንም። ብዙ ሰው እርጥብ ጭቃ ይለጥፍበታል። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ የተተኮሰው ሸክላ ግን አይኮማተርም፤ ስለዚህ በማግሥቱ ይረግፋል። ከሁሉ የሚብሰው ግን በሬንጅ፣ በቀለጠ ፕላስቲክ ወይም በማስቲሽ መድፈን ነው። እሱ ሲሞቅ የሚወጣውን መርዝ በቀጥታ ወደ ሳንባችሁ ነው የምትስቡት።

እንከን የሸክላ ብቻ አይደለም። በውጭ አገር ታዋቂ የሆነው የእንጨት ፒፓ የሚሠራው እኛ አስታ ከምንለው ዛፍ ሥር እባጭ ነው። አስታ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ ሞልቷል፤ ፒፓ የሚሠሩት ግን በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ከሚበቅለው ነው። ሥሩ ሲያድግ ጠጠርና አሸዋ ውስጡ ስለሚቀር፣ ባለሙያው ሲጠርበው ጉድጓድ ይወጣበታል። አንዳንዱ ጉድጓዱን በለጥ ለጥ ደፍኖ ቀለም ይቀባበትና ይሸጠዋል። ገዢው የሚያውቀው ድፍኑ ሲወልቅ ነው። እዚያ ግን ጠራቢውን ቡዳ ነው የሚለው ሰው የለም።

በአገራችን አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አግዳሚው ላይ ያለው ባዶ ቦታ ግን እስካሁን አልሞላም።

ስለ ትምባሆው ሳልናገር ባልፍ ደግሞ መምህሬ ይወቅሰኛል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ (1864–1881 ዓ.ም.) ትምባሆን አጥብቀው ከልክለው ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥ ያዛል። እኔ ገና 20 ዓመቴ ነው፤ ሕጉ ለእኔም አይሸጥም። ብዙዎች «ውሃው መርዙን ያጥበዋል» ይላሉ። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጸዳውም። ከፍሙ የሚወጣው ሽታ የሌለው መርዛም አየር ውሃ ውስጥ ስለማይሟሟ እንዳለ ያልፋል። በር ተዘግቶ ሲጠጣ ጉዳቱ አጠገብ ለተኛ ሕፃንም ይተርፋል። ይህንን ለእናታችን ነግሬያቸዋለሁ። «40 ዓመት የያዝኩትን አንተ በአንድ ማታ?» አሉኝ። ጋያውን ጣሉ ብዬ አልጨቃጨቅኳቸውም። ደጅ ወጥተው እንዲጠጡ ግን ተስማምተናል።

ዓርብ ማታ ስባሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ለክፍሉ ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ። «ገል»፣ «ፍም»፣ «ኖራ» የሚሉትን ቃላት አጻፍኳቸው። ያ ጎረቤት ኋላ ተቀምጦ ነበር፤ ምንም አላለም፤ «ኖራ»ን ግን አስተካክሎ ጻፈ። ባለጋያዋ እናት ተነሥተው «እርጥቡን የጫንኩት እኔው ነኝ» አሉ። ይህን በሰው ፊት መናገር በእሳቸው ዕድሜ ቀላል አይደለም።

ሸክላ ሠሪዋ ሰኞ ተመለሱ። ገንዘቡን ልመልስ ቢሉ እናታችን እምቢ አሉ። በመጨረሻ የተስማሙት እንዲህ ነው፦ እናታችን የአፈሩን ግማሽ ዋጋ ይከፍላሉ፤ ሸክላ ሠሪዋ በሸምበቆው ልክ አንገቱ የጠበበ ሌላ ራስ ይሠራሉ። ሸምበቆው አሁን እሳቸው ቤት ነው። ራሱ ተሠርቶ ጥላ ውስጥ እየደረቀ ነው፤ ዝናብ ካልመጣ ቅዳሜ ይተኮሳል።