በታካሚ የተመሠረተው ሙያና የአካል ጉዳተኛ ባለሙያዎቹ ጥያቄ

ኦኩፔሽናል ቴራፒ በሕመም፣ በአደጋ ወይም በተፈጥሮ ምክንያት የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያጋጠመው ሰው የዕለት ተዕለት ተግባሩን እንዲያከናውን የሚያግዝ የጤና ሙያ ነው። መልበስ፣ መታጠብ፣ ምግብ ማብሰል፣ መማርና ሠርቶ መኖር የሙያው ዋና ጉዳዮች ናቸው። ፊዚዮቴራፒ በአብዛኛው በጡንቻና በመገጣጠሚያ እንቅስቃሴ ላይ ሲያተኩር፣ ይህኛው ሙያ ሥራውን የሚጀምረው ሰውየው ምን ማድረግ እንደሚፈልግና ምን እንደከለከለው በመጠየቅ ነው።

ይሁንና ሙያው ይህን ጥያቄ ለታካሚዎቹ ሲያቀርብ የኖረውን ያህል ለራሱ ባለሙያዎች አላቀረበም። ራሳቸው አካል ጉዳተኛ የሆኑ ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች በተለይ በብሪታኒያና በሰሜን አሜሪካ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማሰማት የያዙትም በዚሁ ነጥብ ላይ ነው።

ጉዳዩን የሚያስገርም የሚያደርገው የሙያው አመሠራረት ነው። በአሜሪካ ሙያውን በማኅበር ካቋቋሙት ሰዎች ቀዳሚ የነበረው ጆርጅ ኤድዋርድ ባርተን ሐኪም ሳይሆን አርክቴክትና ታካሚ ነበር። በሳንባ ነቀርሳ ለዓመታት ሲሰቃይ ቆይቶ፣ በኮሎራዶ ሳለ እግሩ በብርድ ተመትቶ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ወደምትገኘው ክሊፍተን ስፕሪንግስ ለሕክምና ከሄደ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1914 በዚያው ከተማ አንድ ቤት ገዝቶ “የመጽናኛ ቤት” የሚል ስም ሰጠው። በቤቱ የአናጢነት ሥራና በአትክልት ቦታው አማካይነት የራሱን ሰውነት እንደገና ማሠራት ተለማመደ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1917 ስድስት ሰዎች በዚሁ ቤት ተሰብስበው ኦኩፔሽናል ቴራፒን የሚያስፋፋ ብሔራዊ ማኅበር ሲመሠርቱ ባርተን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። እ.ኤ.አ. በ1923 ሕይወቱ አልፏል።

ከዚያ ወዲህ ሙያው ወደ ሆስፒታሎች እየቀረበ ሄደ። እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር ለኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ቤቶች መመዘኛ አወጣ። ይህም ለሙያው ክብርና ተቀባይነት ማስገኘቱ አይካድም። ይሁን እንጂ ነጭ ካፖርት በለበሰው ባለሙያና በታካሚው መካከል ያለው ድንበር በዚያው ልክ ጠበቀ፤ እንደ ባርተን ሁለቱንም የሆነ ሰው የሚቆምበት ሥፍራም እየጠበበ መጣ።

ከ1960ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ተቃውሞው ከውጭ መጣ። በ14 ዓመቱ በፖሊዮ የተጠቃውና የብረት ሳንባ በሚባል የመተንፈሻ መሣሪያ ውስጥ ይተኛ የነበረው ኤድ ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1962 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ትምህርቱን ሲጀምር፣ የግዛቲቱ የተሐድሶ መሥሪያ ቤት ጉዳቱ ከባድ ስለሆነ ሠርቶ አያድርም በማለት የገንዘብ ድጋፍ ከልክሎት ነበር። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1975 የዚያው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ጁዲ ሂውማን የተባለችው የመብት ተሟጋች በበኩሏ በእሳት አደጋ ጊዜ ራሷንና ተማሪዎቿን ማውጣት አትችልም ተብላ በኒውዮርክ የመምህርነት ፈቃድ ብትከለከልም፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስዳ መምህር ለመሆን በቅታለች።

በብሪታኒያ እንቅስቃሴው ትችቱን በቀጥታ በባለሙያዎች ላይ አነጣጠረ። ራሱ በተሽከርካሪ ወንበር ይንቀሳቀስ የነበረው ማይክ ኦሊቨር “ማኅበራዊ ሞዴል” የተሰኘውን አስተሳሰብ ሲያስፋፋ፣ ሰውን አካል ጉዳተኛ የሚያደርገው የሰውነቱ ሁኔታ ሳይሆን ኅብረተሰቡ የሚደረድርበት መሰናክል ነው የሚል አቋም ያዘ። ከአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ወደ ብሪታኒያ የመጣው ቪክ ፊንከልስታይን ደግሞ ቴራፒስቶች ከሕክምና ጋር የተወዳጁ ሙያተኞች መሆናቸውን ትተው ከማኅበረሰቡ ጋር የተወዳጁ ሊሆኑ ይገባል ሲል ተከራክሯል።

አካል ጉዳተኛዋ ቴራፒስት እንግዲህ በሁለት ወገኖች መካከል ትቆማለች። የመብት ንቅናቄው ሙያዋን በጥርጣሬ ያያል፤ ሙያው ደግሞ እሷን በጥርጣሬ ያያል። ባለሙያዎቹ ስለ ሥራ ሕይወታቸው በሚሰጧቸው ምስክርነቶች በተደጋጋሚ የሚነሳው የመጀመሪያው ችግር ጉዳትን የመግለጽና የመደበቅ ምርጫ ነው። እንደ ሚጥል በሽታ፣ የማያቋርጥ ሕመም ወይም የአእምሮ ጤና እክል ያለ ለዓይን የማይታይ ሁኔታ ያለበት ሰው ሁኔታውን ካሳወቀ ብቃቱ ይጠረጠራል፤ ካላሳወቀ ደግሞ በሕግ የተፈቀደለትን ማመቻቸት ሊጠይቅ አይችልም። ጉዳቱ የሚታይ ሲሆን ችግሩ መልኩን ይለውጣል። በሆስፒታል መተላለፊያ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድን ባለሙያ ሠራተኞች እንደ ጠፋች ታካሚ ቆጥረው ወዴት ክፍል ልውሰድሽ ይሏታል።

በተለይ ከባድ የሚሆነው በትምህርት ጊዜ የሚደረገው የተግባር ልምምድ ነው። ተማሪዋ ታካሚን ከአልጋ ማንሳት ካልቻለች ልምምዱን አታልፍም የሚል አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ ሥር ሰዶ ቆይቷል። ነገር ግን በዘመናዊ አሠራር ታካሚን በእጅ ማንሳት ለማንኛውም ባለሙያ አይመከርም፤ ማንሻ መሣሪያ ወይም ረዳት አለ። ከባለሙያዋ የሚጠበቀው ታካሚው እንዴት መነሳት እንዳለበት ማወቅ፣ መመርመርና መምራት ነው። የቤት ጉብኝትም ሌላው ምሳሌ ነው። የታካሚን ቤት ደረጃ ለመገምገምና መወጣጫ እንዲሠራ ለማዘዝ የተላከችው ባለሙያ በዚያው ደረጃ ምክንያት ከደጅ ትቀራለች። ለጉዳዩ ከሷ የቀረበ ማስረጃ ማግኘት በእርግጥ ያስቸግራል።

ባለሙያዎቹ የሚያመጡት ጥቅም ግን በዚህ ብቻ አይወሰንም። አዲስ ጉዳት የደረሰበት ሰው ልብሱን በአንድ እጅ የሚለብስ ባለሙያ ሲያይ ነገሩ የሚቻል መሆኑን ያለ ማብራሪያ ይረዳል። በአንጻሩ የራስን ልምድ በታካሚው ላይ መጫን አደጋ አለው፤ አንዱ የተወጣው ችግር ለሌላው ያው አይደለም። በመሆኑም የራሳቸውን ታሪክ መቼ እንደሚያነሱና መቼ ዝም እንደሚሉ መለየት ለእነሱ ራሱን የቻለ የሙያ ጥያቄ ነው።

በሕግ በኩል በብሪታኒያ እ.ኤ.አ. የ1995ቱ የአካል ጉዳተኞች አድልዎ ሕግና በኋላም የ2010ሩ የእኩልነት ሕግ አሠሪዎች ተገቢውን ማስተካከያ እንዲያደርጉ አስገድደዋል። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ መንግሥት ለምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፣ ለመጓጓዣና ለረዳት የሚውል ወጪ የሚሸፍንበት መርሐ ግብርም አለ፤ በቅርብ ዓመታት ግን የማመልከቻዎች ውሳኔ በመጓተቱ ቅሬታ ሲቀርብበት ቆይቷል። በወቅቱ የነበረው የአካል ጉዳተኞች መብት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው ሪፖርት ለነርሶች፣ ለመምህራንና ለማኅበራዊ ሠራተኞች የተቀመጡት አጠቃላይ የጤና መመዘኛዎች አድልዎ የሚያስከትሉ በመሆናቸው እንዲነሱ ጠይቋል። ሪፖርቱ ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶችን ባይመለከትም መከራከሪያው ለእነሱም የሚሠራ ነው፦ ጤናማ መሆንና ለሥራው ብቁ መሆን አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አካል ጉዳተኞች እርስ በርስ የሚሰጡትን ድጋፍ በተሐድሶ አንቀጹ ውስጥ አካቷል።

ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። ሙያው በአገሪቱ ገና ለጋ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2017 የጀመረው ትብብር አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን በትምህርት ዕድሉ ተጠቃሚ ማድረግን ያካተተ ሲሆን፣ በዩኒቨርሲቲው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርትም ተከፍቷል። እዚህ ሙያው የሚያጋጥመው ቤት የውጭዎቹ መጻሕፍት የሚገልጹት ዓይነት አይደለም። መሬት ላይ ባለ ምድጃ እንጀራ መጋገር፣ ከምንጭ ውኃ መቅዳት፣ ቁጢጥ ተብሎ በሚጠቀሙበት መፀዳጃ ቤት መገልገል የየዕለቱ ተግባራት ናቸው። በእነዚህ ላይ ለመሥራት በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ከጉዳት ጋር የኖረ ባለሙያ የሚያውቀው ብዙ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ተመርቆ ሥራ ሲፈልግ የሚጠቅሰው ሕግ አለው። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ተፈላጊው ችሎታ ያለውና እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ያመጣ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ እንዲሰጠው ያዛል፤ አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብሎ ክስ ሲያቀርብም የማስረዳቱን ሸክም በአሠሪው ላይ ያዞረዋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙ ሰዎች መግቢያና መፀዳጃ እንዲኖራቸው ደንግጓል፤ የተግባር ልምምድ የሚደረግባቸው ሆስፒታሎችም የሕዝብ መገልገያዎች ናቸው።