ጠለፋን በክፍል ውስጥ ማስተማር፦ ያልተቋጨ ክርክር

እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ የሚኖሩ ጥቂት ወጣቶች ከቤታቸው ሳይወጡ፣ በስልክ መስመር ብቻ የሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ኮምፒውተር ውስጥ ገብተው ተገኙ። ራሳቸውን «414» ብለው የሚጠሩት እነዚህ ልጆች የረቀቀ ጥበብ አላስፈለጋቸውም፤ በቀላሉ የሚገመቱ፣ ማንም ያልቀየራቸው የይለፍ ቃሎች በሩን ከፈቱላቸው። ጥያቄው ከዚያ ወዲህ አልበረደም፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚጠለፍ ጭምር ይማር ወይስ እንዴት እንደሚጠበቅ ብቻ?

«ጥበቃው ይበቃል» የሚሉት ወገኖች ስጋት የዋዛ አይደለም። የ15 ዓመት ልጅ ዛሬ የተማረውን ነገ በትምህርት ቤቱ የውጤት መዝገብ ላይ ቢሞክረው፣ ለእሱ ጨዋታ የሆነው በሕግ ፊት ወንጀል ነው። ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው ሕግ፣ ምንም ባይሰረቅም ያለፈቃድ መግባቱ ብቻውን ያስቀጣል። የኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ያለፈቃድ መግባትን ይከለክላል።

በእንግሊዝ ግን ትምህርቱ ወደ ሌላኛው ወገን አዘንብሏል። ኦሲአር የተባለው ፈተና አዘጋጅ 16 ዓመት ገደማ የሆናቸውን ተማሪዎች የጥቃት ዓይነቶችን ስም እየጠራ ይጠይቃል። አንዱን እንይ። ስም በሚሞላበት ሣጥን ውስጥ አንድ የጥቅስ ምልክትና ጥቂት ቃላት ቢገቡ፣ በግዴለሽነት በተሠራ ፕሮግራም የተጻፈው ስም መሆኑ ይቀርና የመረጃ ቋቱ የሚፈጽመው ትእዛዝ ይሆናል። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ ነገ ፕሮግራም ሲሠራ ከተጠቃሚ የመጣውን ሁሉ አምኖ አይቀበልም። ልምምዱ ከኔትወርክ በተነጠለ ኮምፒውተር ላይ ከሆነና ከመጀመሪያው ቀን ስለ ፈቃድ ከተነገረው፣ ስጋቱም ይቀንሳል።

ትልቁ ጥቅም ግን ከኮምፒውተር ክፍሉ ውጭ ነው። ባንክ ወደ ስልክ የሚልከው ባለ 6 አኃዝ የምስጢር ቁጥር 1,000,000 አማራጭ አለው። ይህን ሁሉ ቆጥሮ ለመጨረስ ለኮምፒውተር ቅጽበት ይበቃዋል፤ ሒሳቡን የሚያድነው ከጥቂት ስህተት በኋላ መቆለፉ ነው። ስለዚህ ሌባው ማሽኑን ትቶ ወደ ባለቤቱ ይደውላል፦ «ከባንክ ነው፤ አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩን።»

«ቁጥርሽን ለማንም እንዳትሰጪ» የተባለች ተማሪ ምክሩን ልትረሳው ትችላለች። ስሌቱን ራሷ የሠራችው ግን ስልኩ ለምን እንደሚደወል ገብቷታል፤ እናቷ ቁጥሩን ማንበብ ስትጀምር ቀድማ የምታስቆማት እሷ ናት።