ገበዝ ያለው ሰርቨር

ጎንደርን አይቶ ፋሲል ግቢን ያላየ ሰው ስለማይገኝ፣ ነገሬን ከዚያው ብጀምር አንባቢ የሚታዘበኝ አይመስለኝም። ዙሪያው 900 ሜትር ያህል በሆነው በዚያ የድንጋይ ቅጥር ውስጥ ዐፄ ፋሲለደስ ግንባቸውን ካቆሙ በኋላ፣ ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍታቸውን፣ የልጅ ልጃቸው አድያም ሰገድ ኢያሱ እልፍኛቸውን፣ ከእነርሱም ወዲህ ዐፄ ዳዊትና ዐፄ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብም ጭምር የየራሳቸውን አሠርተዋል፤ ቅጥሩ አንድ ሲሆን ደጁና ቁልፉ ግን የየቤቱ ነው። ዛሬ በጎንደር ከተማም ሆነ በሰሜን ተራሮች ደጅ በደባርቅ፣ ለእንግዳ ማረፊያው ወይም ለአስጎብኚ ማኅበሩ ድረ ገጽ ያወጣ ሰው «ቪፒኤስ ተከራይ» ሲሉት ግራ ሲጋባ ባየሁ ጊዜ፣ ከዚህ ቅጥር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁለትም።

ድረ ገጽ የጽሑፍና የሥዕል ስብስብ እንደ መሆኑ፣ ሌት ተቀን ሳይጠፋ የሚሠራ፣ ከኢንተርኔትም ያልተለየ ኮምፒውተር ለማኅደርነት ያሻዋል፤ ይህም ሰርቨር ይባላል። በአንድ ትልቅ ሰርቨር ላይ ከፋፋይ ፕሮግራም ተጭኖ፣ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ዲስኩን ለብዙ ተከራዮች ሲደለድል፣ ለእያንዳንዱም ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና ለየብቻው አስነሥቶ በማሽኑ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሲያስመስለው፣ ያ ክፍል አካል ሳይኖረው በግብሩ ህልው ስለ ሆነ «ምናባዊ ሰርቨር»፣ ማለት ቪፒኤስ፣ ተባለ። ሐሳቡ አይቢኤም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በግዙፋን ማሽኖቹ ላይ የሞከረው የቆየ ነገር ነው፤ ዳሩ ግን ኬቪኤም የሚባለው ከፋፋይ በ2007 እ.ኤ.አ. ከሊኑክስ ጋራ ከተዋሐደ ወዲህ ማንኛውም ነጋዴ በነጻ የሚያገኘው መሣሪያ በመሆኑ፣ ዛሬ አንድ ክፍል በወር በጥቂት ዶላር ይከራያል። ከዚህ ዝቅ የሚለው «ሼርድ ሆስቲንግ» እንደ ሠርግ ዳስ ነው፤ ሁሉም ባንድነት ስለሚቀመጥ አንዱ ሲጨፍር የሌላው ብርሌ ይደፋል። ከፍ የሚለው ደግሞ ማሽኑን በሙሉ መከራየት ሲሆን፣ እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው ወጣ ብለው በቁስቋም እንዳሠሩት ግቢ ክብሩም ወጪውም የብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ አምስት ገጽና ዐሥር ሥዕል ብቻ ላለው ሰው ዳሱ ይበቃዋል፤ ቪፒኤስ የሚያስፈልገው ክፍል የሚያስይዝ፣ ገንዘብ የሚቀበል፣ ወይም በጥምቀት ሰሞን ጎብኚ የሚያጥለቀልቀው ነው።

የክፍሉ ስፋት ግን ከነገሩ ትንሹ ነው። ከጎንደር አርባ አራቱ ታቦት ወደ አንዱ ገብቶ ያስቀደሰ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የደብሩ አለቃ ቢከበርም መብራቱ እንዳይጠፋ፣ ንዋየ ቅድሳቱ እንዳይጎድል፣ የዕቃ ቤቱም ቁልፍ ከስፍራው እንዳይታጣ የሚያድረው ቄሰ ገበዙ ነው። ሰርቨርም እንዲሁ ገበዝ ያለውና የሌለው አለ። ገበዝ የሌለውን የተከራየ ሰው ባዶ ቤትና ቁልፍ ተረክቦ፣ የሊኑክሱን የደኅንነት ዝማኔ መጫን፣ የእሳት አጥሩን ማጠር፣ ባክአፕ መያዝ፣ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት በነጻ የሚሰጠውን፣ ዕድሜው አጭር የሆነውን የድረ ገጽ ምስክር ወረቀት ጊዜው ሳያልፍበት ማሳደስ የእርሱ ፈንታ ይሆናል። ገበዝ ያለውን፣ ማለት «ማኔጅድ» የሚሉትን፣ የተከራየ ግን ለዚህ ሁሉ ድካም የሚከፍል ነው፤ ስለዚህም ዋጋው እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ሊያስደንቀው አይገባም።

እኔ ይህን የተማርኩት በመጽሐፍ አይደለም። ፒያሳ አጠገብ የእንግዳ ማረፊያ ላላት ዘመዴ ድረ ገጽ ስሠራላት፣ ርካሽ ነው ብዬ ስሙን ከማላነሣው አስተናጋጅ ባለ 20 ጊጋባይት ዲስክ ባዶ ቤት ተከራየሁላት፤ «ሊኑክስ ዐውቃለሁ» የሚል ትዕቢትም አልጎደለኝም። በጥር 9 ቀን ጧት ስልኬ ጮኸ። «ጋሼ፣ ቤቴ ክፍት ሆኖ ሳለ ፈረንጆቹ ተዘግቷል ይሉኛል!» አለችኝ። መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር ላፕቶፔን ይዤ ጄኔሬተር ወዳለው ቡና ቤት ገባሁ፤ ከፍቼ ባየው ከ20 ጊጋባይቱ አንዲት ሜጋባይት እንኳ አልተረፈም። ሰርቨሩ የመጣውን የሄደውን ሁሉ የሚመዘግብበት የሎግ ፋይል ለወራት ቆራጭ አጥቶ ሲያብጥ ሲያብጥ ዲስኩን ውጦታል፤ መዝገብ ቤቱም (ዳታቤዙ) የሚጽፍበት ስፍራ ስላጣ የክፍል ጥያቄውን ሁሉ መልሶታል። ፋይሉን ለመቁረጥ የፈጀብኝ አንድ ደቂቃ ነው፤ በጥምቀት ሰሞን የተመለሱት እንግዶች ግን አልተመለሱም። ዲስኩ ሰማንያ በመቶ ሲሞላ የሚያስጠነቅቅ አንድ ገበዝ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ዳሩ ግን «ማኔጅድ» የሚለው ቃል ራሱ እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ ያለው ነው፤ ሰሙ «ሁሉን እናደርግልሃለን» ሲል ወርቁ ግን በውሉ ሥር በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። አንዱ ሊኑክሱን ብቻ ይጠብቅና የድረ ገጹን ማዘጋጃ ዎርድፕረሱን «የአንተ ነው» ይላል፤ ሌላው ዎርድፕረሱንም ያድስና ተቀጥላ ፕሮግራሞቹ ሲጣሉ እጁን ይሰበስባል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሲፓነል የተባለውን መቆጣጠሪያ ስለ ጫነልህ ብቻ ገበዝ ነኝ ባይ ነው። ስለዚህ መጠየቅ የሚገባው «ምን ታደርጋላችሁ?» ተብሎ ሳይሆን «ምን አታደርጉም?» ተብሎ ነው። የዶሜኑ ስም በማን ስም እንደ ተመዘገበም አብሮ ይጠየቅ፤ ስሙን በአስተናጋጁ እጅ ያስመዘገበ ሰው፣ ቤቱን ሊለቅ ሲነሣ የበሩን ታርጋ ነቅሎ መሄድ እንደማይችል ይረዳል።

ስለ ባክአፕ የሚነገረው ሁሉ ከአንድ እሳት ወዲህ ሌላ ፍቺ አግኝቷል። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ የኦቪኤች ኩባንያ የዳታ ማዕከል በሌሊት ተቃጥሎ፣ ከሕንጻዎቹ አንዱ ሙሉ በሙሉ ሲወድም፣ እጅግ ብዙ ድረ ገጾች አብረው ጠፉ፤ ከደንበኞቹም አንዳንዶቹ ለባክአፕ ገንዘብ ከፍለው ሳሉ፣ ዋናውና ግልባጩ ባንድ ስፍራ ተቀምጦ ስለ ነበር ሁለቱም ዐመድ ሆኑ። የዳዊቱን ግልባጭ ከዳዊቱ ጋራ ባንድ ማኅደር ከትቶ የሚሰቅል ደብተራ የለም። ግልባጩ በሌላ ከተማ፣ ቢቻልም በሌላ ኩባንያ እጅ መሆኑን ሳያረጋግጡ ውል መፈረም አይገባም።

ስፍራውን በተመለከተ፣ የአገራችን ሰው ልቡ ለሁለት መከፈሉ እውነት ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ በሚል ስም፣ የጋራ ሆስትም በበኩሉ በብር የሚከፈልበት አገልግሎት ያቀርባሉ፤ ራክሲዮና ዊንጉ የተባሉት የዳታ ማዕከላትም በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ተተክለዋል። አንባቢው እዚሁ አገር ያለ ትምህርት ቤት ወይም ዕድር ከሆነ ለቅርቡ ማድላት ይገባል። የዘመዴ እንግዶች ግን ከጀርመን፣ ከጣልያንና ከእስራኤል የሚጠይቁ ናቸው፤ ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ቢገሠግሥም፣ ጎንደርና ፍራንክፈርት በአየር እንኳ 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚራራቁ፣ ገመዱም ባሕር ለመድረስ ጎረቤት አገር መሻገር ስላለበት፣ እንግዳውን በደጁ መቀበል ይሻላል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየ ጊዜ፣ ሰርቨራቸው በውጭ የነበረ ሰዎች ገጻቸው ሳይቋረጥ ይታይ ነበር፤ መልስ የሚሰጠው ባለቤት ግን በዝምታ ውስጥ ነበር።

የውጭው ዕዳ ደግሞ በዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት መቶን ስለ ተሻገረ፣ ወርኃዊ ኪራይዋ 20 ዶላር የሆነች ሰርቨር ከ1,140 ብር ተነሥታ ከ2,000 በላይ ዘለለች። ካርድ ያለው ዘመድ በውጭ አገር ካልተገኘም ብሩ ቢኖር እንኳ መክፈያው ይቸግራል።

በጥንቱ ቤተ መንግሥት «ዐቃቤ ሰዓት» የሚባል ታላቅ የካህናት ማዕረግ ነበር። አስተናጋጆች «99.9 በመቶ ሳንወድቅ እንቆማለን» ሲሉ ይህን ማዕረግ ለራሳቸው መሾማቸው ነው፤ ስሌቱ ሲፈታ ግን በወር 43 ደቂቃ፣ በዓመት 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል መውደቅ የተፈቀደ ነው ማለት ነው። ያ ሰዓት በነሐሴ ዝናብ ቢውል ማንም አይሰማውም፤ በከተራ ዕለት ቢውል ግን ኪሳራው ብዙ ነው፤ ውሉ የሚመልሰውም የወሩን ኪራይ ክፋይ እንጂ የጠፋውን እንግዳ አይደለም።

ከዚያ ጥር በኋላ ለሦስት አስተናጋጆች ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አንዲት ጥያቄ ላክሁ፦ «ዝማኔ ሰርቨሩን በሌሊት ቢያበላሸው ማን ይነሣል?» አንዱ ከማሽን የወጣ ሰላምታ ላከልኝ፤ ሁለተኛው የዋጋ ሠንጠረዥ። ሦስተኛው በሃያ ደቂቃ ውስጥ፣ በሰው እጅ እንደ ተጻፈ በሚያስታውቅ ግድፈት፣ የሚያደርጉትን በሁለት መስመር፣ የማያደርጉትን በስድስት መስመር ጻፈልኝ። እርሱን መረጥን።

በገባን በሳምንቱ፣ በዓርብ ቀን፣ ሆን ብዬ ከገጹ ላይ የጎንደሩን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሥዕል አጥፍቼ፣ ሰርቨሩን እንደ ነበረ መልሱልኝ ብዬ ጻፍሁላቸው። ከአንድ ሰዓት በታች በሆነ ጊዜ ኪሩቤሉ ከነዓይኖቻቸው ተመለሱ። ዘመዴ ግን ከጎኔ ተቀምጣ የክፍል መዝገቡን ስትመለከት፣ «ጋሼ፣ የዛሬ ጧቱ ጣልያናዊ የት ሄደ?» አለችኝ። ባክአፑ የሚያዘው ሌሊት ሌሊት በመሆኑ፣ የተመለሰው የሐሙስ ሌሊት መዝገብ ነበር። አሁን ማታ ማታ የዕለቱን እንግዶች በሰማያዊ ደብተር ትገለብጣለች፤ ደብተሩም የሚያድረው ከላፕቶፑ ጋራ ሳይሆን በእናቷ ቤት ነው።