ሥልጣን የማይሰጠው ባጅ

በእንግሊዝ የጭፈራ ቤት በር ወይም የሱቅ መግቢያ ላይ የሚቆም የጥበቃ ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ክንዱ ወይም ደረቱ ላይ ባጅ ያደርጋል። ባጁን የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው የግል ጥበቃ ሕግ መሠረት በ2003 የተቋቋመው ባለሥልጣን፣ በምኅጻሩ ኤስ አይ ኤ፣ ነው። አመልካቹ 18 ዓመት ይሞላል፣ ሥልጠና ይጨርሳል፣ የወንጀል መዝገቡ ይመረመራል፤ ፈቃዱም ለ3 ዓመት ይጸናል።

ብዙ ሰው፣ አንዳንዴም ባለባጁ ራሱ፣ ይህ ካርድ ሥልጣን የሚሰጥ ይመስለዋል። አይሰጥም። በር ላይ የሚደረገው ፍተሻ በተፈታሹ ይሁንታ የሚደረግ ነው፤ እምቢ ያለን ሰው እንዳይገባ መከልከል ይቻላል፣ በግድ ኪሱን መበርበር ግን አይቻልም። ሌባ እጅ ከፍንጅ ሲይዝ የሚጠቀምበትም መብት በ1984ቱ የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ ለማንኛውም ሰው፣ ያውም በጥብቅ ቅድመ ሁኔታ፣ የተሰጠው ነው። ባጁን እያሳየ «መታወቂያህን አምጣ!» ብሎ መንገደኛ የሚያስገድድ ጥበቃ ሥራውን አልተማረም። ታዲያ ሥልጣን ካልጨመረ ምን ይጠቅማል? ዋናው ጥቅሙ ባለፈቃዱን ማሰሩ ነው። ካርዱ ላይ 16 አኃዝ ያለው ቁጥር ስላለ፣ ማንም ሰው የባለሥልጣኑን መዝገብ በኢንተርኔት ከፍቶ ፈቃዱ የጸና መሆን አለመሆኑን ያያል። ደንበኛ የደበደበ በረኛ ከፍርድ ቤቱ ቅጣት በላይ እንጀራውን ሊያጣ ይችላል። የበረኞች ሥልጠና ሰው ሲያዝ ትንፋሹ እንዳይታፈን የሚደረገውን ጥንቃቄ ያስተምራል፤ ከ2021 ወዲህ ደግሞ አዲስ አመልካች የመጀመሪያ እርዳታ አስቀድሞ መማር አለበት። ከሕጉ በፊት በአንዳንድ ከተሞች የጭፈራ ቤቱን በር የያዘ የወሮበላ ቡድን ውስጥ የሚሸጠውን አደንዛዥ ዕፅም ይቆጣጠር እንደነበር ላስታወሰ፣ ይህ ሁሉ ቀላል ለውጥ አይደለም።

የፈቃዱ ክፍያ ዝቅተኛ ደመወዝ ለሚያገኝ ሠራተኛ ከባድ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። መፍትሔው ግን አሠሪው እንዲከፍል ማድረግ እንጂ ፈቃዱን መተው አይደለም። ሠርተፊኬት የሚሸጡ የይስሙላ ማሠልጠኛዎች አሉ ለሚሉም መልሱ እነሱን መዝጋት ነው። ከሁለቱም የሚብሰው ጉድለት ያለው ሕጉ ራሱ ውስጥ ነው፤ ፈቃድ በዋናነት የሚጠይቀው በኮንትራት የሚቀርብን ጥበቃ ሲሆን፣ ከመጠጥ ቤት በረኛ በስተቀር ድርጅቱ ራሱ የቀጠረው ጥበቃ በአብዛኛው ያለ ፈቃድ ይሠራል። ለምሳሌ የጥበቃ ካሜራ በሚከታተሉ ሠራተኞች ዘንድ፣ ያው ካሜራ፣ ያው ክፍል፣ ያው አደጋ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ደመወዙን የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ብቻ ነው። በግንቦት 2017 በማንችስተር አሬና 22 ሰዎች የተገደሉበትን ጥቃት የመረመሩት ሰር ጆን ሳውንደርስ በ2021 ባወጡት ሪፖርት፣ ይህ የካሜራ ተቆጣጣሪዎች ልዩነት እንደገና እንዲታይና የጥበቃ ኩባንያዎችም ራሳቸው ፈቃድ እንዲያወጡ ማድረግ እንዲታሰብበት መክረዋል። ግለሰቡ ፈቃድ እየተጠየቀ ቀጣሪው ኩባንያ በፈቃደኝነት በሚገባበት የምዘና ሥርዓት መታለፉ ሚዛኑን የሳተ አሠራር ነው።

በእንግሊዝ የምትኖሩና ይህን ሥራ የምታስቡ አንባቢዎች፣ «ክፍል ሳትገቡ ሠርተፊኬት እናወጣላችኋለን» ለሚል ሰው ገንዘብ አትክፈሉ። ሥልጠናውን ተማሩት፤ በር ላይ ስትቆሙ የሕግ ወሰናችሁን የምታውቁት በእሱ ነው።