ላጤ ስንት ሰው ነው?

አንባቢዎች ሆይ፤ ማታ በ12 ሰዓት መገናኛ ቆማችሁ ሕዝቡን ተመልክታችሁ ታውቃላችሁን? የታክሲው ረዳት «ገርጂ! ሲኤምሲ! አያት!» እያለ ሲጣራ፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባቡርም ከጦር ኃይሎች ወደ አያት የሚሄደውን ሰው አጭቆ ሲደርስ፣ ተሰላፊው ሁሉ አንድ ነገር አንጠልጥሎ ታያላችሁ፤ ዳቦ፣ ሙዝ፣ የልጅ ደብተር። እጁን ኪሱ ከትቶ የቆመ ወጣት ካያችሁ እሱ ላጤ ነው። እኔም አንዱ ነኝ።

የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ የምኖረውም ገርጂ ነው። ላጤ ቤት አያገኝም የሚባለው እውነቱ ግማሹ ነው። ሰርቪስ ቤት የሚያከራዩ ሰዎች እንዲያውም ላጤ ይመርጣሉ፤ ውሃ አይፈጅም፣ ልጅ አያስለቅስም፣ ቀን ቀን የለም። በምትኩ በሩ በ3 ሰዓት ይዘጋል፤ እንግዳም አያድርም። (የሴት ላጤዎች ቍጥጥርማ ከዚህ ይብሳል።) በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቍጥር 1320 ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል፤ ስለ በሩ ሰዓት ግን ያለው ነገር የለም። ኮንዶሚኒየም ሲሆን ደግሞ ደላላው አስቀድሞ «ባለትዳር ነህ?» ይላል።

ይህ ሁሉ ይቻላል። ያልቻልሁት ሌላ ነው።

አምና በጥር ወር ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ይኖሩ የነበሩ አንድ አዛውንት ዐረፉ። ድንኳኑ በሕንጻዎቹ መካከል ተተከለ። ሦስት ቀን ሙሉ ከትምህርት ቤት እየተመለስሁ አግዳሚ ወንበር ተሸከምሁ፣ ውሃ ቀዳሁ፣ ሌሊትም ከጎረቤቶች ጋር ካርታ እየተጫወትሁ አመሸሁ። ድንኳኑ ሲነሣ የዕድሩን ጸሐፊ «እኔንም ይመዝግቡኝ» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ዕድራችን በአባወራ ነው፤ አግባና ና» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባቴ ያሉት ደብረ ብርሃን ነው፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። እንደምታውቁት መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ በር አንኳኩቶ ነው። የእኔን በር ማን ያንኳኳል? ወይስ በስልክ ልስማው?

ዕድሩን የመሠረቱት ሰዎች ክፋት አስበው አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት የአገራችን ሴቶች ግማሾቹ 17 ዓመት ከጥቂት ወር ሳያልፋቸው እንዳገቡ አሳይቷል። እንደዚያ ባለ ዘመን ያላገባ ማለት ልጅ ማለት ነበር። በአዲስ አበባ ግን ጋብቻ ከክልሎቹ ሁሉ ዘግይቷል፤ ደንቡ ይህን አልሰማም።

በጠቅላላ ስብሰባው ቀን ተነሥቼ ይህንኑ ተናገርሁ። ጥቂቶች አጕረመረሙ። በኋላ አንዲት እናት ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ «ወንበሩን ሲሸከም አባወራ ነህ ወይ ብሎ የጠየቀው ነበር?» አሉ።

ቅጹ ተሰጠኝ። የትዳር ጓደኛ የሚለውን መስመር ባዶ ተውሁት። ከሥሩ የአባቴን፣ የእናቴንና የሦስት እኅቶቼን ስም ጻፍሁ። ጸሐፊው በእስክሪብቶ ጫፍ ቈጠሩና «ለካ ስድስት ናችሁ» ብለው የወሩን መዋጮ ተቀበሉኝ።