ከሰልፉ ፊትና ከሰልፉ ጀርባ

እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ጎጃም የሚወስደው አውራ ጎዳና ሱሉልታን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። ይህ ሜዳ ቀድሞ በድርቆሹና በወተቱ ይታወቅ ነበር። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ግን አብዛኛው ወደ ፋብሪካ፣ ወደ መጋዘንና ወደ አጥር ተለውጧል። የምንጭ ውሃ በፕላስቲክ እየታሸገ ከዚያ ይወጣል፤ ከነዋሪው ብዙው ደግሞ ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ ውሃ ፍለጋ ይዞራል። ስለ ሰልፍና ስለ ሁከት ልንጽፍ ተነሥተን ስለ ሜዳና ስለ ውሃ መጀመራችን ከጉዳዩ መሸሽ እንዳይመስልብን፤ ጉዳዩ የሚጀምረው ከዚህ ነውና።

በአገራችን ሰልፍ በወጣ፣ ሰው በሞተና ንብረት በተቃጠለ ቁጥር «ከበስተጀርባው ማን አለ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። በራዲዮና በቴሌቪዥን ይነሣል፤ በእኛም መኝታ ክፍልና በምግብ አዳራሻችን እስከ እኩለ ሌሊት ያከራክራል። አንዱ «ጽንፈኞች ናቸው» ሲል ሌላው «መንግሥት ራሱ ሰዎቹን አሰማርቶ ያስቃጠለው ነው» ይላል። ሁለቱ መልሶች ጠላቶች ይምሰሉ እንጂ፣ እኛ እንደምናየው የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም የሰልፈኛውን እጅ ከራሱ ወስደው ለሌላ ይሰጣሉ፤ ሁለቱም ማስረጃ ከመጠየቁ በፊት ፍርዱን ይጨርሳሉ።

እስቲ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ያናወጠውን ነገር ከሥሩ እንየው። የአዲስ አበባና የዙሪያዋን የኦሮሚያ ልዩ ዞን የሚያስተሳስር ማስተር ፕላን መዘጋጀቱ ሲሰማ፣ በ2006 ዓ.ም. አምቦ ላይና በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ተነሡ፤ ብዙዎችም ሕይወታቸውን አጡ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. እንቅስቃሴው ከጊንጪ እንደገና ተነሥቶ ኦሮሚያን ሁሉ አዳረሰ። ገበሬውን ያሠጋው የካርታው መስመር ብቻ አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ከመሬቱ ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ የሚሰጠው ካሣ፣ ከመነሣቱ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ እንዲሆን ይደነግግ ነበር። የ10 ዓመት አዝመራ ማለት ነው። በ11ኛው ዓመት ልጆቹ ምን ይበላሉ? ያው መሬት በሊዝ ሲቸበቸብ ዋጋው ከካሣው ምን ያህል እንደሚርቅ ለማወቅ የሒሳብ ትምህርት አያሻም፤ ገበሬው በዓይኑ ያየው ነበር።

የመንግሥት መልስ ግን በመጀመሪያ ስለ ካሣው አልነበረም። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. እንቅስቃሴው በሽብርተኞች እጅ እንደ ወደቀ ተነገረ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝም ርኅራኄ የሌለው እርምጃ እንደሚወሰድ አስጠነቀቁ። የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ መሪ አቶ በቀለ ገርባ በዚያው ወር ታሰሩ፤ በኋላም በፀረ ሽብር አዋጁ ተከሰሱ። ወር ሳይሞላ፣ በጥር 2008፣ ማስተር ፕላኑ መቅረቱ ተነገረ። በመጋቢት ወር ደግሞ እኒያው ጠቅላይ ሚኒስትር በምክር ቤት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ፤ ለችግሩም የመልካም አስተዳደር ጉድለትንና የወጣቱን ሥራ አጥነት ምክንያት አደረጉ። የታጠቁ ወገኖች ገብተውበታል ማለታቸውን ግን አልተዉም። እንግዲህ ሽብርተኛ ያነሣሣው ነገር ከሆነ ይቅርታው ለማን ነበር?

ይሁን እንጂ ይህን ብለን ብቻ ብንተወው ራሳችንን ማታለል ይሆናል። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ ሰዎች ተረጋግጠውና ገደል ገብተው ሞቱ። መንግሥት 55 ናቸው ሲል ተቃዋሚዎች ቁጥሩን ብዙ እጥፍ አደረጉት። ወዲያው በውጭ አገር ያሉ አንቀሳቃሾች የአምስት ቀን ቁጣ አወጁ። በእነዚያም ቀናት በሰበታና በአካባቢው ፋብሪካዎች ጋዩ፣ ተሽከርካሪዎች ነደዱ፤ የቱርክ ባለሀብቶች የነበሩበት አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም አልተረፈም። መስከረም 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ሚኒስትሩም በግብፅና በኤርትራ ያሉ ወገኖች እጅ አለበት አሉ። ጥሪ ያደረገ ሰው እንደ ነበረ መካድ አይቻልም። ነገር ግን ቁጣን ያወጀ ሰው፣ የትኛው አጥር እንደሚደፈርና የትኛው መጋዘን እንደሚቃጠል ወሰነ ማለት ነውን? የውጭው ጥሪ በዚያው ሳምንት ሰሚ ያገኘው ከቢሾፍቱ አስከሬን የተቀበለ ሰፈር ስለ ነበረ አይደለምን? ደግሞስ ፋብሪካው ሲቆም እንጀራው የቆመበት የሰበታ ልጅ፣ እሳቱን የለኮሰው ሰው ወንድሙ ይሁን ባዕድ የማወቅ መብት የለውምን?

«ከበስተጀርባ» የሚለው ቃል ችግሩ ይህ ነው፤ አራት ጥያቄዎችን በአንድ ጆንያ ይከታል። ሰልፉን ማን ጠራው? በሰልፉ ውስጥ የተደራጀ ቡድን ገብቶ ነበርን? ይህን ቤት ማን አቃጠለው? ይህን ሰው ማን ገደለው? ለመጀመሪያው መልስ ያገኘ ሰው ለአራተኛውም ያገኘ ይመስለዋል። ለእኛ ግን አራተኛው ከሁሉ ይብሳል፤ በአስከሬን ላይ ምርመራ ይደረጋል፣ የጥይቱም አቅጣጫ ይታወቃል፣ በስተጀርባ ያለው እጅ ግን የፈለገ ሁሉ እንደ ፈለገው የሚስለው ነው።

ይህን አንድ በአንድ ለመመርመር የሞከሩ ሰዎች በአገራችን አልጠፉም። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በሰኔ ወርና በጥቅምት 1998 በአዲስ አበባ ደም ሲፈስ፣ ሰልፈኞቹ የእጅ ቦምብ የታጠቁ ሁከተኞች እንደ ነበሩ በመንግሥት ብዙኃን መገናኛ ተነግሮ ነበር። ምክር ቤቱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን፣ 763 ሰዎችም መቁሰላቸውን ቆጠረ። ከአባላቱ 8ቱ የተወሰደው እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነው ሲሉ 2ቱ ተቃወሙ። ኋላ ለምክር ቤቱ የቀረበው ድምዳሜ ግን እርምጃው ሕጋዊና አስፈላጊ ነበር የሚል ሆነ። ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል ከአገር ወጥተው እንደ መሰከሩት፣ ከሰልፈኞቹ መካከል ጠመንጃም ሆነ የእጅ ቦምብ የያዘ አልተገኘም። የሙታን ቁጥር በሁለቱም በኩል አንድ ነበር፤ ክርክሩ በትርጉሙ ላይ ነበር።

የስሙም ነገር ሌላ ጉድ ነው። የኦሮሞ ነፃነት ግንባር በሰኔ 2003 ዓ.ም. በምክር ቤት ሽብርተኛ ተብሎ ተሰየመ፤ በሰኔ 2010 ከመዝገቡ ተፋቀ። መስከረም 5 ቀን 2011 መሪዎቹ በመስቀል አደባባይ በክብር አቀባበል ተደረገላቸው። በሰበታ ቃጠሎና በዚያ አቀባበል መካከል ያሉት ሁለት ዓመት ብቻ ናቸው። በእነዚያው የመስከረም ቀናት በቡራዩ የጋሞና የሌሎች ብሔረሰቦች ተወላጆች በየቤታቸው ተገደሉ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል 58 ሙታን ቆጥሯል። ይህ ሰልፍ አልነበረም፤ ጎረቤት ላይ የተፈጸመ ግፍ ነበር። ግድያውን ለመቃወም መስከረም 7 ቀን በአዲስ አበባ የወጣው ሰልፈኛ ግን እንደ ተለመደው በጥይት ተመታ፤ ወደ 1,200 የሚጠጉ ወጣቶችም ጦላይ ወደሚገኘው የወታደር ካምፕ ተወሰዱ። የቡራዩን ደም ይብቃ ብሎ የወጣው ሳይቀር ከበስተጀርባው ሰው ተፈለገለት። በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሣውን ወጣት ያቆሙት የጋሞ ሽማግሌዎች ግን ከጀርባ ማን እንዳለ አልመረመሩም፤ እርጥብ ሣር ይዘው ከፊቱ ተንበረከኩ።

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ጊዜ የተከተለው ሁከት ለክርክራችን ከሁሉ ይልቅ ይጠቅማል። ዐቃቤ ሕግ ጣቱን ኦነግ ሸኔ በተባለው ታጣቂ ቡድን ላይ ቀሰረ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ታኅሣሥ 23 ቀን 2013 ባወጣው ሪፖርት 123 ሰዎች መሞታቸውን ገለጸ። ከእነዚህ 76ቱ በፀጥታ ኃይሎች፣ 35ቱ በግለሰቦችና በቡድኖች ጥቃት፣ 12ቱ በሌላ ልዩ ልዩ ምክንያት የሞቱ ናቸው። በብሔራቸውና በሃይማኖታቸው እየተመረጡ የተጠቁትንም በተመለከተ ድርጊቱ በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ባሕርይ እንዳለው አመልክቷል። «ሁሉም የጽንፈኞች ሥራ ነው» የሚለው ወገን 76ቱን አያስረዳንም። «ሁሉም የመንግሥት ሥራ ነው» የሚለውም ስለ 35ቱ ቤተ ዘመዶች የሚለው የለውም። እነሆ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሲቆጥር ሁለቱም መፈክሮች ይፈርሳሉ።

ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ1886 በአሜሪካ፣ ቺካጎ ከተማ፣ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ በፖሊሶች መካከል ቦምብ ተወረወረ። ወርዋሪው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ፍርድ ቤቱ ግን ስምንት አናርኪስቶችን በንግግራቸውና በጽሑፋቸው ከበስተጀርባው ናችሁ ብሎ ፈረደባቸው፤ አራቱ ተሰቀሉ። በ1893 የኢሊኖይ አገረ ገዥ አልትጌልድ በሕይወት ለቀሩት ሦስት ሰዎች ምሕረት ሲያደርግ፣ ችሎቱ ፍትሐዊ እንዳልነበረ ጽፎ ነው።

ወደ ሱሉልታ እንመለስ። ሱሉልታ፣ ሰበታና ቡራዩ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። የካሣው አዋጅም ተለውጧል። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለዘለቄታው የሚነሣ ገበሬ ካሣ የሚሰላው ባለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ ያገኘበት ዓመት ተወስዶ በ15 ተባዝቶ ነው። ይህ አንቀጽ በሰበታ ክብሪት የጫረውን ሰው ማንነት አይነግረንም። በ2008 ዓ.ም. ከሰልፉ ፊት የተጻፈው ምን እንደ ነበር ግን መንግሥት ራሱ በነጋሪት ጋዜጣ አትሞታል።